የሐሙስ ዳዊት

ሐሙስ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በሪሁን አጎበሩ ውስጥ እንደተጋደመ የክርስትና ስሙን ከሚስቱ አፍ ሰማ። መስማቱስ ምንም አልነበረም፤ ሚስት የባሏን ስም ብትጠራ ማን ይከሳታል? የሰማው ግን በማይጠራበት ቦታ ነው። እሙዬ ዳዊት ደጋሚ ናት፤ ሐሙስ ሐሙስ መቶ ስምንተኛው መዝሙር ላይ ትደርሳለች፤ ያ ጠላትን የሚራገመው፣ ዕድሜው ይጠር፣ ሥራውን ሌላ ይውሰደው የሚለው። እዚያ ጋ ስትደርስ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የበደላትን ሰው ታስገባበታለች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያስገባችው ሰው ስም አልነበረውም። «ያን ደብዳቤዬን የደበቀውን፣ ስሙን አንተ የምታውቀውን» ትል ነበር። ዛሬ «ገብረ ሥላሴን» አለች። የንስሐ አባታቸው ካረፉ ወዲህ በጋምቤላ ከተማ በሪሁን ገብረ ሥላሴ መባሉን የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ አንዱ ራሱ ነው፣ ሌላዋ እሷ ናት።

ሌላ ሐሙስ ቢሆን ስትጨርስ እሱ ካልጋው ሆኖ «አሜን» ይላል። ልማድ ነው፤ እሷ ትደግማለች፣ እሱ ያሳርጋል። በዚያ ስም በሌለው ሰው ላይ ዘጠኝ ዓመት በወረደው እርግማን ሁሉ ሲያዛጋም እያዛጋ፣ ሲያንቀላፋም እያንቀላፋ አሜን ብሏል። ዛሬ አፉ እምቢ አለው። እሙዬም መጽሐፉን ሳትዘጋ ቆየች። ጠበቀችው። የደጃፉ የኒም ዛፍ ቅርንጫፍ ቆርቆሮውን ይፍቃል፤ ጎረቤት ውሃ እየቀዳ ጀሪካን ያንኳኳል። ከዚያ መጽሐፉን ዘግታ ነጠላዋን አጠፈችና ሻይ ልትጥድ ወጣች።

ደብዳቤውን የደበቀው እሱ ነው። ነገሩን ማድበስበስ ምን ይረባል? እሙዬ ነርስ ናት፤ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ፍቼ ያሉ እናቷ አልጋ ላይ ሲወድቁ ዝውውር ጠየቀች፣ ተፈቀደላትም። የተፈቀደበት ደብዳቤ ወጪ ሆኖ የሚያልፈው በጤና ቢሮው መዝገብ ቤት በኩል ነው፣ መዝገብ ቤቱ ደግሞ በሪሁን ነው። በአሥር ቀን ውስጥ አዲሱ ሥራዋ ላይ እንድትገኝ ይላል። በሪሁን አንብቦት ኪሱ ከተተው። ነገ እሰጣታለሁ አለ። በነጋታውም ነገ አለ። አሥሩ ቀን እንዲህ በነገ በነገ አለቀ፤ ቦታው ለሌላ ተሰጠ፤ እናትየውም በአምስተኛው ወር ሞቱ፤ ልጃቸው የደረሰችው ቀብሩ ካለፈ በሦስተኛው ቀን ነው። በሪሁን ክፉ ሆኖ አልነበረም፣ ፈርቶ ነው። በሰባ ሰባት ድርቅ ከወሎ በሰፈራ የመጣ ልጅ ነው፤ አባቱም እናቱም የተቀበሩት እዚሁ ነው፤ ደጋ የሚባል አገር የለውም። እሷ አንዴ ወደ ብርዱ ከወጣች አትመለስም ብሎ ፈራ። ደብዳቤውን ግን አልቀደደውም። የመዝገብ ቤት ሰው ወረቀት አይቀድም። ከሃያ ዓመት በላይ የሠራበት እጁ እሺ አላለውም፤ በስቶ፣ የቀኑን ቅደም ተከተል ጠብቆ፣ «የግል» ተብሎ በተጻፈበት ቦክስ ፋይል ውስጥ ከውሃና ከመብራት ደረሰኞች መሀል አስቀመጠው። ሌላ ሌባ ቢሆን ያቃጥለው ነበር።

ሻዩን ሲጠጡ ያ ቦክስ ፋይል ከሻንጣዋ ላይ ተቀምጦ አየው። እሙዬ በፈቃዷ ጡረታ ከወጣች ሁለት ሳምንቷ ነው፤ ነገ አርብ ማለዳ በአውቶቡስ ወደ ፍቼ ልትሄድ ነው። ለአንድ ወር ብላለች፤ የእናቷን ቤት ከፍታ፣ ጠራርጋ፣ የፈረሰውን አስለስና ልትመለስ። ትናንት ማታ የጡረታ ወረቀቷን ስትፈልግ ፋይሉን እንዳወረደችው አሁን ገባው። አጠገቡ አንድ ሜትር ርቀት ላይ ነው፤ ከፍቶ ማየት አልደፈረም። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አልጋው፣ ቁም ሳጥኑ፣ ሁለት የፕላስቲክ ወንበር፣ ሲሽከረከር የሚያቃስት ማራገቢያ። ፀሐይ ገና ብቅ ሳትል ሸሚዙ ከጀርባው ተጣብቋል። እሙዬ ዳቦ ቆርሳ ሰጠችው። አጎበሩ መታጠብ አለበት አለችው። ውሃ ነገ ስለማይመጣ በርሜሉን ዛሬ ሙላ አለችው። ዳቦው ደግሞ አሥራ አምስት ብር ገብቶ ከመዳፍ አይበልጥም አለች። ቢሰድቡት የሚቀለው ጊዜ አለ፣ የዛሬው እንደዚያ ነበር። በሪሁን እሺ፣ እሺ፣ እሺ ብሎ ወጣ።

ከኒውላንድ ሰፈር ባጃጅ ይዞ ቢሮ እስኪደርስ ሲያስብ የነበረው ይህን ነው። ዳዊት ሲደገም ሁልጊዜ ራሱን የሚያገኘው የት ነበር? ከዳዊት ጋር ነዋ። ከልጅነቱ ጀምሮ። ያ የተጨነቀው፣ በሐሰት የተከበበው፣ ያለ ምክንያት የተጠላው እሱ ነበር። ጠላት የተባሉት ደግሞ ተራ በተራ ይመጣሉ፤ እድገቱን የከለከለው ኃላፊ፣ በሰፈራው ጊዜ እርሻቸውን ያስነጠቀ ካድሬ፣ የወንበሩን እግር ሰብሮ ዝም ያለው የቢሮ ባልደረባ። አርባ ዓመት ሲሰማ አንድም ቀን ከዚያኛው ወገን ቆሞ አያውቅም። በመስተዋት ፊት የሚቆም ሰው የራሱን ጀርባ እንደማያይ፣ በሪሁንም የማይታየው ነገር ነበረው። ደግ ሰው ነኝ ብሎ ነው የኖረው። ሰዉም ያው ነው የሚለው፤ «ጋሽ በሪሁን ዝንብ አይገድልም» ይሉታል።

ቢሮ እንደደረሰ ጸሐፊዋ አኳይ ከመዝገብ ቤቱ ደጃፍ ቆማ ጠበቀችው። ፊቷ ግራ የተጋባ ነው። ትናንት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ከቢሮ ስትወጣ፣ ሲስተር እሙዬ በር ላይ ጠብቃ አቅፋ እንደሳመቻትና ይቅር በዪኝ እንዳለቻት ነገረችው። ለምን እንደሆነ ብትጠይቃት አልመለሰችላትም፤ እያለቀሰች ሄደች። አኳይ ከነሱ ቤተሰብ ሰው ሞቶ እንደሆነ ልትጠይቀው ነው የቆመችው። በሪሁን ማንም አልሞተም አላት፤ አለፈና ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። እሙዬ ዘጠኝ ዓመት ለአኳይ ሰላምታ ነፍጋት ነበር። ደብዳቤው የት ገባ በተባለ ጊዜ፣ «የጻፈችው እሷ፣ የያዘችው እሷ፣ ማን ሊሆን ነው?» ብሎ የጠቆመው ራሱ በሪሁን ነው። አንዴ ብቻ ነው ያለው። እሱ ያቺን ቃል ረስቷት፣ ሁለት ሴቶች ግን ዘጠኝ ዓመት በአንድ ከተማ ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ ኖሩ። ማታ ወረቀት ፍለጋ ሳይሆን ትናንት ከቀትር በኋላ እንዳገኘችው አሁን ተረዳ። ሌሊቱን ሙሉ አጠገቡ ተኝታለች ማለት ነው። አውቃ።

በሦስት ሰዓት ኃላፊው መጥተው ፑኝዶ ያለው ጤና ጣቢያ የካርድ ክፍሉ ስለተመሰቃቀለ መኪና ዛሬ እንደሚሄድ፣ የሚያደራጅ ሰው ለሦስት ቀን እንደሚያስፈልግ ተናገሩ። ሌላ ጊዜ ፑኝዶ ሲባል ወገቤን የሚለው በሪሁን እጁን አወጣ። የጉዞ ደብዳቤው በአምስት ደቂቃ ተጻፈ። ሦስት ቀን! እሱ ሲመለስ እሷ ፍቼ ናት፤ ወሩ ያልቃል፣ ነገሩም ይበርዳል፣ በስልክ ከሆነ ደግሞ ኔትወርኩ ይቆራረጣል። ሰው መሸሽ ሲፈልግ መንገዱ እንዴት ይመቻቻል እባካችሁ። ለእሙዬ በጽሑፍ መልእክት «ለሥራ ፑኝዶ ሄጃለሁ፣ በሰላም ግቢ» ብሎ ጻፈና ሳይልከው ስልኩን ኪሱ ከተተው።

ሾፌሩ ሉል ነው፤ አርባ ዓመት ያለፈው ቀጭን ረጅም የኑዌር ሰው፣ ከመሪው ጀርባ ሲቀመጥ ጉልበቱ አገጩን ሊነካ የሚደርስ። አንተና እርስዎ አይለይም፣ ጋሼ ካለ አክብሮቱ አልቋል። ካርቶኖቹ እስኪጫኑ ድረስ በጥላው ሥር መኪናው ውስጥ ተቀመጡ። ዳሽቦርዱ ላይ ሽፋኑ በፕላስተር የተያያዘ መጽሐፍ ቅዱስ አለ። በሪሁን ለጨዋታ ያህል አስመስሎ ጠየቀው፤ በእናንተ ቤተ ክርስቲያን ዳዊት ጠላቱን የሚራገምበትን ትደግማላችሁ ወይ አለው። ሉል ሳቅ አለ። ቤተ ክርስቲያኑን አላውቅም፣ ቤታችንን ልንገርህ አለው።

«ድሮ የስደተኞች ካምፕ ስንኖር መጽሐፍ አንድ ነው፣ ሰው ብዙ ነው። እናቴ ኛቡዋይ ማታ ማታ ታስነብበናለች። ሕግ አላት። መጥፎ ሰው ሲመጣ የሚያነበው ልጅ ‹እሱ› አይልም። ‹እኔ› ይላል። ‹እኔ ወንድሜን ገደልኩ።› ‹እኔ ጌታዬን ሸጥኩ።› ይሁዳ ሲደርስብኝ፣ ጋሼ፣ ሰውነቴን ያሳክከኝ ነበር።»

«ጥሩ ሰው ሲመጣስ?» አለ በሪሁን።

«ጥሩ ሰው ሲመጣማ ማንም ሳይነግርህ ራስህን ታስገባለህ። እሱን ማስተማር አያስፈልግም።»

ሉል እናቱ እስከ ዛሬ፣ ዓይኗ ደክሞ እንኳ፣ የልጅ ልጆቿን እንዲሁ እንደምታስነብብ ነገረው። ባለፈው ሳምንት እሱ ከወንድሙ ጋር በከብት ተጣልቶ ሳለ ቃየንን ሆን ብላ ለሱ እንደሰጠችው፣ «እኔ» ብሎ ሳይጨርስ ስልክ አንስቶ ለወንድሙ እንደደወለ አጫወተው። መጽሐፉ ውስጥ ሌላ ሰው የለም ትላለች አለው፤ አንተ ነህ እየተመላለስክ ያለኸው። ይህን ብሎ ቁልፉን አዞረ። ከከተማው ሳይወጡ፣ ነዳጅ ማደያው ጋ ሲደርሱ፣ በሪሁን አቁምልኝ አለው። ቦርሳውን ይዞ ወረደ። ሉል የፑኝዶን ትንኝ ፈርተህ ነው አይደል ብሎ ሊቀልድበት ጀመረ፤ ፊቱን ሲያየው ግን ተወው። በሪሁንም ለኃላፊው ሌላ ሰው ይላኩ ብሏል በልልኝ አለውና ሄደ። ቢሮው እንደሚቆጣ በሪሁን ያውቃል። ይቆጣ።

ቀኑን በባሮ ዳርቻ አሳለፈው። ድሮ መርከብ ይቆምበት ነበር ከሚባለው ቦታ አጠገብ ሴቶች ልብስ ያጥባሉ፣ ጎልማሶች ሳሙና በሳሙና ሆነው ይታጠባሉ፣ አንድ ጀልባ ሰዉ እስኪሞላ ይጠብቃል። ሙቀቱ አርባ አልፏል። በሪሁን ከአንድ ግንድ ሥር ተቀምጦ በልቡ ሞከረው፤ ዕድሜዬ ይጠር አለ። ቀላል ነው። ሥራዬን ሌላ ይውሰደው አለ። እዚህ ላይ ቆመ። የእሙዬን የፍቼ ሥራ ሌላ ሰው ወስዶት ነበር። የእርግማኑን ግማሽ እሱ በእሷ ላይ አስቀድሞ ፈጽሞታል፤ ያለ ምንም ጸሎት፣ በአንድ ኪስ። ቁጭ ብሎ አለቀሰ። በባሮ ዳር የሚያለቅስ ሽማግሌ ማንም አያይም፤ ሁሉም ፊቱ እርጥብ ነው። ሲነሳ አመሻሽ ላይ አንድ ዓሣ በአራት መቶ ብር ገዛ። እሙዬ ዓሣ ትወዳለች፣ ነገ ደግሞ አርብ ነው።

ቤት ሲገባ ፀሐይዋ እያዘቀዘቀች ነበር። እሙዬ ደጃፉ ላይ በርጩማ አውጥታ ተቀምጣለች። በርሜሉን ራሷ ሞልታዋለች። ዓሣውን ተቀብላው ስንት ገዛኸው አለችው፤ ነገራት፤ ተወዷል አለች። ቢላዋና ሳህን አምጥታ ቅርፊቱን መፋቅ ጀመረች። ፑኝዶ እንደምትሄድ አኳይ ደውላ ነግራኛለች አለችው፣ ዓይኗን ከዓሣው ሳታነሳ። እሱ ወረድኩ አላት። እሷ ዓሣውን በሌላው ጎኑ ገለበጠችው። የቢላዋው ድምፅ ብቻ ይሰማል። በሪሁን ወደ ውስጥ ገባ፤ ጫማውን አወለቀ፤ እጁን ታጠበ፤ ከራስጌዋ ዳዊቷን አነሳ። መጽሐፉ ግራው ግዕዝ ቀኙ አማርኛ ነው። ግዕዙን የምታውቅ እሷ ናት፣ የመሪጌታ ልጅ። እሱ የአማርኛውን ገጽ ይዞ ከደጃፉ ወጣና በፕላስቲክ ወንበሩ ላይ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። ገጹ በጣት ብዛት ወይቧል። ዘጠኝ ዓመት የሐሙስ ጣት ነው።

አነበበ። ዳዊት የማያነብ ሰው ስለነበር ቃሉ ይያያዝበታል፤ ቢሆንም «እሱ» የሚለውን ሁሉ «እኔ» እያደረገ አነበበ። ዕድሜዬ ይጠር አለ። ሥራዬን ሌላ ይውሰደው አለ። ልጃቸው ቤዚ ጅማ ናት፤ ልጆቹ የሚለው ጋ ሲደርስም «ልጆቼ» ብሎ አነበበው እንጂ አላለፈውም። ምሕረት ማድረግን አላሰበምና የሚለው ቦታ ደረሰ። ይህ እሷ ሁልጊዜ ድምፅዋን ዝቅ የምታደርግበት ቦታ ነው።

«ምሕረት ማድረግን አላሰብኩምና» አለ፤ «እኔ ገብረ ሥላሴ፣ የሚስቴን ደብዳቤ የደበቅኩት፣ እናቷን ሳትቀብር እንድትቀር ያደረግኩት፣ በሰው ልጅ ላይ ያሳበብኩት።»

ቢላዋው ቆመ። በሪሁን ግን ቀና አላለም፤ ቀና ቢል እንደማይጨርሰው ያውቃል። እርግማን እንደ ውሃ ወደ ሆዴ፣ እንደ ዘይትም ወደ አጥንቴ ይግባ እያለ እስከ መጨረሻው ወረደ። ጨረሰ። ከዚያ ጠበቀ። አሁን የሚቀረው አሜን ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ የሷ ነው። ብትለው አይፈርድባትም። እንድትለውም ግማሽ ልቡ ፈልጎ ነበር፤ ቢያንስ ነገሩ ያልቅ ነበር። የጎረቤት ልጆች አልፈው ሄዱ፤ የሌሊት ወፎች ከዛፉ መውጣት ጀመሩ። እሙዬ የዓሣ ቅርፊት የተለጠፈበትን እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ታየዋለች።

«አሜን አልልም» አለች በመጨረሻ። «ዘጠኝ ዓመት አንተ ያልከው ይበቃል።»

ተነስታ እጇን በሳሙና ሁለት ጊዜ ታጠበች። ገብታ ስትመለስ ደብዳቤውን ይዛለች። ወረቀቱ በዳሩ ሁለት ቀዳዳ አለው፣ ሌላ እንከን የለበትም። በጥሩ ሁኔታ ነው ያስቀመጥከው አለችው፤ ስድብ ይሁን ምስጋና ድምፅዋ አያስታውቅም። እስኪብርቶ ጠየቀችው። ከደረት ኪሱ አውጥቶ ሰጣት። ደብዳቤውን በዳዊቱ ሽፋን ላይ አስደግፋ፣ ሠራተኛ ሁሉ በማስረከቢያ ደብተር ላይ እንደሚጽፈው፣ ከሥሩ «ተቀብያለሁ» ብላ ጻፈች። ስሟን ጻፈች፣ ፈረመች። ቀኑን አሰበችና የዛሬውን ጻፈች። ከዚያ እንዲያየው ወደሱ አዞረችው።

«በአሥር ቀን ውስጥ እንድትገኚ ይላል» አለች። «ዛሬ ደረሰኝ። ነገ እሄዳለሁ።»

«ለአንድ ወር ነው ብለሽ ነበር» አለ በሪሁን።

«ደብዳቤው ወር አይልም።»

ይህን ስትል አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም፤ ደክሟታል እንጂ። ትመለሻለሽ ወይ ብሎ ሊጠይቃት አፉ ላይ መጥቶ ነበር፤ ተወው። ይህን ጥያቄ ፈርቶ ነው ደብዳቤውን የደበቀው። እሷ ዓሣውን አጠበችና ዘይቱን ጣደች፤ ነገ አርብ ስለሆነ ዛሬ መበላት አለበት። ከአንድ ሳህን በሉ። አጥንቱን እየለቀመች ሥጋውን ለሱ አስቀመጠችለት፣ እጇ ለምዶ። ሲበሉ ስለ አጎበሩ አነሳች፤ ውሃ ሲመጣ በሞቀ ውሃ እንዳይነክረው፣ እንደሚሸበሸብ ነገረችው። ለአኳይም ራስህ ሂድና ንገራት አለችው። እነግራታለሁ አላት።

የሻንጣዋ ዚፕ ከተበላሸ ቆይቷል። እሙዬ ልብሱን ጭና ክዳኑን በጉልበቷ ስትጫነው አያት። ከአልጋው ሥር ናይሎን ገመድ ነበር። ሄዶ አመጣው፤ ተንበርክኮ በወርዱም በቁመቱም ጠቀለለው፤ መንገድ ላይ እንዳይፈታባት ሁለት ጊዜ ቋጠረው።